በማስመሪያ ውስጥ የተደበቀውን ጫና በላፕቶፕና በስልክ ፎቶ ማንሳት

ከኤልሲዲ (ፈሳሽ ክሪስታል) የላፕቶፕ ስክሪን የሚወጣው ብርሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚርገበገበው። ፈሳሽ ክሪስታሉ ሥራውን የሚሠራው በሁለት ፖላራይዘር ፊልሞች፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ በሚያሳልፉ ስስ ፕላስቲኮች መካከል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ግማሹ ዕቃ ቤታችሁ አለ። የሚቀረው ሌላ ፖላራይዘር ነው።

ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ካላችሁ ጨርሳችኋል። ከሌላችሁ ከተበላሸ ካልኩሌተር ስክሪን የፊቱን ፊልም ላጡ። የኋላው ብዙውን ጊዜ የብር መልክ ስላለው አይሆንም። ጥጉን በምላጭ አንሱና በጣት ቀስ ብላችሁ ሳቡት። መስታወቱ ስስ ነው፤ ዓይናችሁንም እጃችሁንም ጠብቁ። እኔ ቸኩዬ ሙጫውን በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ላስለቅቅ ብዬ ፊልሙን ጭጋግ አለበስኩት። አትሞክሩት።

ላፕቶፑ ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ብርሃኑን እስከ ጥግ ጨምሩ፣ የክፍሉን መብራት አጥፉ። ፊልሙን ካሜራው ፊት ይዛችሁ አዙሩት። ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን ቁሙና ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ማስመሪያ በስክሪኑና በፊልሙ መካከል አድርጉ።

እኔን ሁለት ምሽት የበላኝ ይሄ ነው። ፎቶው ላይ የስክሪኑ ነጠብጣቦች ስለሚታዩ፣ ብርሃኑን ላለስልስ ብዬ ነጭ ወረቀት ለጠፍኩበት። ፊልሙን ባዞር ባዞር ስክሪኑ አልጠቁር አለ። ፊልሙን ጠረጠርኩ፣ ስልኩን ጠረጠርኩ፣ ሌላ ካልኩሌተር አረድኩ። ጥፋቱ የወረቀቱ ነበር። ወረቀት ብርሃኑን ይበትነዋል፣ አቅጣጫውንም ያዘባርቀዋል። ከስክሪኑና ከፊልሙ መካከል ከማስመሪያው በቀር ምንም አይግባ። ስክሪኑ ላይ የተለጠፈ መከላከያ ፕላስቲክ ካለም አንሱት፤ የራሱን ቀለም ያመጣል። ነጠብጣቡ ካስቸገራችሁ ማስመሪያውን ከስክሪኑ አንድ ስንዝር አርቁትና ትኩረቱን እሱ ላይ አድርጉ።

ስልኩ ጨለማ ሲያይ ፎቶውን በራሱ ያበራዋል፣ ጥቁሩም አመድ ይሆናል። ስልኩ ላይ በሚታየው ማስመሪያ ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ትኩረቱንና ብርሃኑን ቆልፉ፣ ከዚያ የካሜራውን ብርሃን ወደ ታች ሳቡ። ለዚህ ልዩ አፕ ማውረድ ትርፍ ድካም ነው።

አሁን አንሱ። ጥቁሩ መሃል ማስመሪያው ቀስተ ደመና ለብሶ ይወጣል። የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ሻጋታው የገባበት ጫፍ ላይ የቀለም መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፤ ሲቀዘቅዝ የታሰረው ጫና ነው። ብርሃኑ እዚያ ሲያልፍ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዱ ከሌላው ይዘገያል፣ ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ ነው። መስመሮቹ በተቀራረቡ ቁጥር ጫናው ከቦታ ቦታ በፍጥነት ይለዋወጣል ማለት ነው።

የፕላስቲክ ሹካ ካላችሁ ጥርሶቹን ቆንጠጥ አድርጋችሁ በቪዲዮ ቅረጹ። ቀለሙ ከጥርሶቹ ሥር ተነስቶ ሲሄድ ይታያል፤ ስትለቁት ይመለሳል።