«ፎርማት አድርግልኝ» አትበሉኝ

ስልክ እጠግናለሁ። ሱቄ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል። ስክሪን እቀይራለሁ፣ ባትሪ እቀይራለሁ፣ አቧራ የጠጣ የቻርጀር ቀዳዳ እጠርጋለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ስልኩ ደህና ሆኖ ራሱ ተሰብሮ የሚመጣ ሰው በዝቷል። ቴሌግራሙ ተወስዶበታል፣ ወይ ብሩ ሄዶበታል፣ ወይ አንዱ «ፎቶሽን እለቀዋለሁ» እያለ ያስጨንቃታል። ሌባው ያደረሰባቸው ሳያንስ፣ ከዚያ በኋላ ባለችው ሩብ ሰዓት ራሳቸው የሚሠሩት ይብሳል።

«ፎርማት አድርግልኝ»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ሰውየው ገና በሩ ላይ ሆኖ «ፎርማት አድርግልኝ፣ ምንም እንዲቀር አልፈልግም» ይላል። ወይም ቻቱን ጠርጎ ይመጣል። «ሳየው ደሜ ይፈላል፣ ዲሌት አደረግኩት።» እሺ፣ ደምህ ፈላ። አሁን ፖሊስ ጣቢያ ሄደህ ምን ልታሳይ ነው? ደምህን?

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት ልጅ እያለቀሰች መጣች። የማታውቀው ሰው ፎቶዋን ይዞ ገንዘብ ይጠይቃታል። «ሁሉንም አጥፋልኝ» አለች፤ አጠፋሁላት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ሒሳብ እንኳን አልተቀበልኳትም። ከሳምንት በኋላ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ተመለሰች። ሰውየው በሌላ አካውንት መጥቶባታል፤ ቤተሰብ ሰምቷል፤ ሊከሱ ቆርጠዋል። መርማሪው መጀመሪያ የጠየቃቸው የማስፈራሪያውን ጽሑፍ ነው። እሱን ደግሞ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ወንድሟ አልተቆጣኝም። ስልኩን አገላብጦ አየውና ኪሱ ከተተው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ዓይነቱን ማስፈራራት በወንጀል ያስቀጣል። የኤሌክትሮኒክ ማስረጃም ፍርድ ቤት ይቀርባል። ያጠፋችሁትን ግን የትኛውም አዋጅ መልሶ አያመጣላችሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስረጃውን ያዙት። ብዙ ሰው «ስክሪንሹት አለኝ» ብሎ ሲያሳየኝ ስድቡን ብቻ ቆርጦ ነው፤ ማን እንደላከው የለም፣ መቼ እንደላከው የለም። የላኪው ስልክ ቁጥር ወይም ዩዘርኔም፣ ቀኑና ሰዓቱ አብረው ይታዩ። ዋናው ቻትም ስልኩ ላይ እንዳለ ይቆይ። ቴሌግራም ላይ ያኛው ወገን ቻቱን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት ይችላል። የቆየ መልእክት ነው ብሎ የሚከለክለው የለም። «ልከስህ ነው» ብላችሁ ከመዛታችሁ በፊት ያዙት የምለው ለዚህ ነው። ሲክሬት ቻት፣ ማለት የቴሌግራም የምስጢር ቻት፣ ከሆነ ደግሞ ስክሪንሹት አትሞክሩ፤ ወይ እምቢ ይላል፣ ወይ ለዚያኛው ያሳብቅባችኋል። የሌላ ሰው ስልክ ተዋሱና ቻቱን ቀስ ብላችሁ እያንቀሳቀሳችሁ ከላይ እስከ ታች በቪዲዮ ቅረጹት።

«ደንግጬ ሎግ አውት አደረግኩ»

«የልጄ ፎቶ ውድድር ላይ ነው፣ ድምፅ ስጪልኝ» የምትል ሊንክ ከምታውቁት ሰው ትመጣለች። ስልክ ቁጥር ትጠይቃለች፣ ቀጥላ ኮድ። ኮዱን ስታስገቡ የሰጣችሁት ድምፅ ሳይሆን አካውንታችሁን ነው። እዚህ ድረስ ማንም ይሳሳታል፤ አልቆጣም። የሚያስቆጣኝ ከዚያ ደንግጦ ሎግ አውት ማድረግ፣ ወይም አፑን ማጥፋት ነው።

ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ስልክ የቆዩትን ለማስወጣት 24 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ሌባው አዲስ ገቢ ነው። እናንተ ነባር ናችሁ። እናንተ አሁኑኑ ልታስወጡት ትችላላችሁ፤ እሱ ገና አይችልም። ሴቲንግ ግቡ፣ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ፣ የማታውቁትን ስልክ ነክታችሁ ተርሚኔት በሉት። ወዲያው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ከኮዱ ሌላ ፓስወርድ የሚጠይቀው) ላይ ፓስወርድ አስገቡ። ራሳችሁ ከወጣችሁ ግን ስትመለሱ አዲስ ገቢ እናንተ ትሆናላችሁ፤ ሰዓቱም በእናንተ ላይ ይቆጥራል።

አንድ ጋሼ አፑን አጥፍተው መጡ። እኔ ጋ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሌባው በስማቸው ለዘመድ አዝማድ ይጽፋል። እኛ ምን እንደሚጽፍ እንኳን አናይም። ቨርጂኒያ ያለች እህታቸው ደውላ «ወንድምዓለም፣ ስንት ልላክልህ?» ስትል ነው የሰማነው። እግዜር ይስጣት፣ ሳትልክ ደወለች።

«ገብቶልዎታል ይላል እኮ!»

የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው። በ09 ከሚጀምር ቁጥር ከመጣ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው። ከዚያ ስልክ ይጠራል፤ «እናቴ፣ በስሕተት ልኬብዎት ነው፣ የመድኃኒት ብር ነበር፣ ይመልሱልኝ።» መልእክቱን ትታችሁ ሒሳባችሁን እዩ። ይኼን ከዚህ በላይ አላብራራም።

«የሚያስመልስ ሃከር አግኝቻለሁ»

ቅድሚያ ክፈል ካለህ ሁለተኛው ሌባ እሱ ነው።

«ቆይ እስቲ፣ ራሱ ይመልስልኝ ይሆናል»

ብሩን የተጭበረበረ አንድ ደንበኛዬ እንዲህ እያለ 14 ወር ጠበቀ። በአዋጁ መሠረት አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን፣ ማለት ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን፣ እንዲያቆዩ የሚገደዱት ለ1 ዓመት ነው። እሱ ጣቢያ የደረሰው ይኼ ካለፈ በኋላ ነው።

ደግሞ ሰው ፖሊስ ቁጥሩን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብቶ ሰውየው የተቀመጠበትን ካፌ የሚያይ ይመስለዋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የስልክና የኤሌክትሮኒክ ግንኙነታችንን ይጠብቃል። መርማሪው መረጃ ሲፈልግ በደንቡ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ መሄድ አለበት። ማመልከቻ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ቀጠሮ አለ። «ቢሮክራሲ ነው» ብለው የሚበሳጩብኝ አሉ። ያለ ወረቀት የእናንተን የስልክ ዝርዝር አውጥቶ ለጎረቤታችሁ የሚሰጥ ፖሊስ ቢኖር ደስ ይላችኋል? እኔን ደስ አይለኝም። ወረቀቱ እንዲፈጥን ቶሎ አመልክቱ፤ የብሩን ማስተላለፊያ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

«የሚስቴ ስልክ ነው፣ ክፈትልኝ»

አልከፍትም። በወር ሁለት ሦስቴ ይመጣብኛል። አንዱ የዋጋውን ሦስት እጥፍ ልክፈል ብሎኝ ያውቃል። ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሰብሮ መግባት በዚያው አዋጅ ወንጀል ነው፤ ለእሱም ለእኔም። ስልኩ የእሷ ከሆነ እሷ ትምጣ። ይኼን ስል የሚስቁብኝ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። እነሱም ይስሙ።

«በስሜ ሲም ባወጣለት ምን አለበት?»

የሠፈራችን ልጅ ለ200 ብር ብሎ በመታወቂያው ሲም አውጥቶ ለማያውቀው ሰው ሰጠ። በዚያ ሲም ሰው ተጭበረበረ። ፖሊስ ቁጥሩን ተከትሎ የማንን በር እንዳንኳኳ መናገር አያስፈልገኝም። እናቱ እኔ ሱቅ መጥተው «ልጄ ኮምፒዩተር ነክቶ አያውቅም እኮ» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ነክቶ አያውቅም።

«የስልኬ መለያ ቁጥር የት ይገኛል?»

ስልኩ ከተሰረቀ በኋላ ነው የሚጠየቀው። ዛሬ *#06# ደውሉ፤ 15 አሃዝ ቁጥር ይወጣል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ከሆነ ሁለት ይወጣል፤ ሁለቱንም ጻፉ። የስልኩ ካርቶን ላይም አለ፣ ካርቶኑን ለልጆች መጫወቻ ካልሰጣችሁት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ስልኩ ታክሲ ውስጥ ተሰርቆበት መጣ። ቁጥሩን ይዘኸዋል ወይ አልኩት።

«አዎ፣ ፎቶ አንስቼዋለሁ።»

«ጎበዝ! የታለ?»

«ስልኬ ላይ።»