ሰፈራችሁ ፎቅ ሊሠራ ነው? የሞንጎመሪ ካውንቲን የትራንስፖርት ፖሊሲ እንዲህ ተጠቀሙበት

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዊተን አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ አጥር ላይ የተለጠፈ የግንባታ ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። የድሮው ሱቅ ፈርሶ አፓርታማ ሊሠራ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ይሄ ሁሉ መኪና የት ሊገባ ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። እሱን ብቻ ይዞ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል።

አንደኛ፣ የፕሮጀክቱን ቁጥር ያዙ። ሰሌዳው ላይ አለ፣ ፎቶ አንሱት። በ3 ከጀመረ ስኬች ፕላን (የመነሻ ንድፍ)፣ በ1 ከጀመረ ፕሪሊሚነሪ ፕላን (መሬቱና መንገዱ የሚታዩበት እቅድ)፣ በ8 ከጀመረ ሳይት ፕላን (የሕንጻውና የግቢው ዝርዝር እቅድ) ነው። ለመንገድ ጉዳይ ወሳኙ በ1 የሚጀምረው ነው። መንገዱ አዲሱን ነዋሪ ይችለዋል ወይ የሚለው እዚያ ላይ ይመረመራል። ሳይት ፕላን ላይ ደርሶ ስለ መንገድ ማንሳት በአብዛኛው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቁጥሩን የካውንቲው ፕላኒንግ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስታስገቡ ሰነዶቹ ይወጣሉ።

ሁለተኛ፣ ቦታው የትኛው ቀለም ውስጥ እንዳለ እዩ። ካውንቲው የእድገትና የመሠረተ ልማት ፖሊሲውን በየ4 ዓመቱ ያድሳል። አሁን የሚሠራበት ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የጸና ነው። በዚህ ፖሊሲ ሰፈሮች በቀይ፣ በብርቱካን፣ በቢጫና በአረንጓዴ ተከፍለዋል። እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተንና ቤተስዳ መሃል ከተማ ያሉ የባቡር ጣቢያ ሰፈሮች ቀይ ናቸው፤ ገጠሩ አረንጓዴ ነው። ቀይ ውስጥ የመኪና መጨናነቅ ጭራሽ አይለካም። ካውንቲው እዚያ ሰው በባቡር፣ በአውቶቡስና በእግሩ እንዲሄድ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ቀይ ሰፈር ላይ ስለ መኪና ብዛት መሟገት ጉልበት መጨረስ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥናት መኖሩን አረጋግጡ። ሕንጻው በሥራ መግቢያ ወይም መውጫ ሰዓት 30 እና ከዚያ በላይ ተጨማሪ የመኪና ጉዞ የሚያመጣ ከሆነ አልሚው የትራንስፖርት ጥናት ማቅረብ አለበት። የድሮው ሱቅ ያመጣ የነበረው መኪና ከቁጥሩ ይቀነሳል።

አራተኛው እርምጃ ዋናው ነው። ጥናቱን ይዛችሁ ውጡ። ጥናቱ የእግረኛ መንገድን፣ የመንገድ መብራትን፣ የብስክሌት መስመርን፣ የአውቶቡስ ፌርማታንና የዊልቸር መተላለፊያን ያያል። ከሕንጻው እስከ ፌርማታው በእግር ሂዱ፣ ቢቻል የልጅ ጋሪ እየገፋችሁ። የመብራት ምሰሶ የእግረኛው መንገድ መሃል ተገትሮ ጋሪው አላልፍ ካለ ፎቶ አንሱ። ማታም ተመለሱ። ፌርማታው ጨለማ ከሆነ፣ ጥናቱ ምን ይላል? ማቋረጫው ሩቅ ሆኖ ሰው መሃል መንገድ ላይ የሚሮጥ ከሆነስ? ጥናቱ የሚሸፍነው በሕንጻው ዙሪያ የተወሰነ ርቀት ብቻ ስለሆነ ቅርቡን አስቀድሙ። አልሚው የሚጠየቀው ወጪም ጣሪያ አለው። ሁሉንም ከመጠየቅ ሁለት ሦስት ነገር መርጦ መያዝ ይሻላል።

የመንገዱን ባለቤትም እወቁ። ጆርጂያ አቬኑ፣ ኮልስቪል ሮድና ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ የስቴቱ ናቸው። እዚያ ላይ መግቢያ ለመክፈት ወይም ማቋረጫ ለመቀየር የካውንቲው ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።

ከዚያ የ2018ቱን የብስክሌት ማስተር ፕላንና የ2023ቱን የእግረኞች ማስተር ፕላን አገላብጡ። መንገዱ ወደፊት ይሰፋል ተብሎ ከታቀደ፣ አልሚው ከግቢው መሬት እንዲለቅ ሊጠየቅ ይችላል።

አምስተኛ፣ ተናገሩ። ፕሮጀክቱን የሚያጸድቀው የካውንቲው ፕላኒንግ ቦርድ ሐሙስ ሐሙስ ዊተን ይሰበሰባል። የባለሙያዎቹ ሪፖርት ከ10 ቀን በፊት ይወጣል፤ ሳታነቡት እንዳትሄዱ። ለመናገር እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ተመዝገቡ፣ ለአንድ ሰው የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው። በጽሑፍም ይቻላል። አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካውንቲው አማርኛን ያውቀዋል። «ሰፈራችን ተጨናነቀ» ከማለት «ከዋናው በር እስከ ፌርማታው መብራት የለም፣ ፎቶው ይኸው፣ ሕንጻው ከመከፈቱ በፊት ይተከል» ማለት ይሻላል።

ቦርዱ ካጸደቀ በኋላ የውሳኔውን ሰነድ አውርዱና ቅድመ ሁኔታዎቹን አንብቡ። የጠየቃችሁት መብራት መግባቱን፣ መቼ ማለቅ እንዳለበትም እዩ። ቀኑ ወይም የትኛው የግንባታ ደረጃ ላይ እንደሚያልቅ ካልተጻፈ፣ ያንኑ ሳምንት ፋይሉን ለያዘው ባለሙያ ኢሜይል ጻፉ። ስሙ ሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ።