የልጆችን የትምህርት ቤት ቦርሳ ማቅለልና በአግባቡ ማሸከም

ልጅ ትከሻውን ወይም ጀርባውን እንዳመመው ሲናገር ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው አዲስ ቦርሳ መግዛት ነው፤ ሆኖም ከቦርሳው ዓይነት ይልቅ አስቀድሞ መታየት ያለበት በውስጡ የታጨቀው ዕቃና ልጁ ቦርሳውን የሚይዝበት መንገድ ነው።

ሥራው የሚጀመረው በሚዛን ነው። ልጁ በመጀመሪያ ያለ ቦርሳ፣ ቀጥሎም እንደ ዘወትሩ የተሞላውን ቦርሳ አዝሎ ሚዛን ላይ ይቁም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቦርሳው ክብደት ነው። በአብዛኛው የሚመከረው ቦርሳው ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ሲሆን፣ ይህም 30 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን መነሻ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ የቦርሳ ክብደት በራሱ የጀርባ ሕመም እንደሚያመጣ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም፤ ይልቁንም ልጆቹ ራሳቸው ቦርሳው እንደሚከብዳቸው መናገራቸው ከሕመሙ ጋር የተያያዘባቸው ጥናቶች ነበሩ። ስለዚህ ሚዛኑ ደህና ነው ቢልም ልጁ ከበደኝ ካለ፣ በእኔ እምነት መደመጥ ያለበት ልጁ ነው።

ማታ ማታ ቦርሳው ሙሉ በሙሉ ይራገፍና የነገው የትምህርት ፕሮግራም እየታየ እንደገና ይሞላ። ከሥሩ ያለቁ ደብተሮች፣ ያለፈው ወር የፈተና ወረቀቶች፣ አንዳንዴም ልጁ በመንገድ የለቀማቸው ድንጋዮች ይወጣሉ። አንድ ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ በትምህርት ቤቱ ንጹሕ ውሃ ካለ ኮዳውን ባዶውን መላክ ሸክሙን በእጅጉ ይቀንሳል። ዕቃው ሲደረደር ከባዱ መጽሐፍ ጀርባን በሚነካው በኩል ይቀመጥ፤ ክብደቱ ከጀርባ በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚጎትት፣ ልጁ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ የአንገትና የወገብ ጡንቻዎቹም ይደክማሉ።

ማንገቻዎቹ ሰፋፊና ለስላሳ ይሁኑ፤ ሁለቱም ትከሻ ላይ ይዋሉ። ቀጫጭን ማንገቻ ትከሻን እየቆረጠ ነርቭ ስለሚጫን እጅን ሊያደነዝዝ ይችላል። ማንገቻውን ማሳጠር የሚገባው ቦርሳው ጀርባ ላይ እስኪጣበቅና ሥሩ ወገብ አካባቢ እስኪያርፍ ድረስ ነው፤ መቀመጫ ላይ እየተንጠለጠለ የሚወዛወዝ ቦርሳ ረዝሟል። ከዚያም ልጁን ከጎን ይመልከቱት፤ ጆሮው ከትከሻው መስመር በግልጽ ወደ ፊት ከወጣ ጭነቱ አሁንም በዝቷል። የወገብ መታጠቂያ ካለው ይታሰር፤ የትከሻውን ጫና ወደ ዳሌ ያሻግራል። ቦርሳውን ከመሬት ሲያነሳ ደግሞ ወገቡን ሳይሆን ጉልበቱን ይጠፍ። ባለ ጎማ ቦርሳ ደረጃ ለሌለበት መንገድ ይጠቅማል፤ ደረጃ ባለበት ግን ሙሉ ክብደቱን በአንድ እጅ ማንጠልጠልን ያስከትላል።

ብዙዎች የሚፈሩት የአከርካሪ አጥንት ወደ ጎን መጣመም በቦርሳ ምክንያት እንደሚመጣ አልተረጋገጠም። ቀላል ሕመም ሲኖር ልጁን አስተኝቶ ከማዋል ይልቅ በሚችለው መጠን እንዲንቀሳቀስና እንዲጫወት መፍቀድ ይሻላል። ሕመሙ ቦርሳው ቀልሎም ለሳምንታት ከዘለቀ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ወይም ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ከታከለበት ሳይዘገዩ ሐኪም ያሳዩት። የእግር መዛል ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ግን በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት።