ቀለሙ ሲያታልለን፦ በውሃና በሽንት ምርመራ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ተማሪዎችን ላብራቶሪ አስገባለሁ። አንድ ጠብታ ጨምረው ውሃው ሮዝ ሲሆን ደስታቸው ሌላ ነው። «ቲቸር፣ መጣ!» ይላሉ። እኔም በጊዜዬ እንደዚያው ነበርኩ። የማወራው ስለ ጠቋሚ ኬሚካሎች ነው። የሚፈለገውን ንጥረ ነገር ሲያገኙ ቀለም ይቀይራሉ ወይም ያበራሉ። ፕሮብ የሚሏቸውም አሉ። ስህተቱ ከጠቋሚው የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነን።

ባዶውን ናሙና መዝለል

ይሄኛው በእኔ ላይ ደርሷል። ሞሪን የሚባል ጠቋሚ አለ፤ አሉሚኒየም ሲያገኝ በአልትራቫዮሌት መብራት ስር አረንጓዴ ያበራል። ውሃ ለማጥራት አሉም የሚባል የአሉሚኒየም ጨው ስለሚጨመር የቧንቧ ውሃ ላይ ልናሳይ አሰብን። መብራቱ የሐሰት ብር መለያዋ ትንሿ መብራት ነበረች። ክፍሉን አጨለምን፣ አበራን፣ ሁሉም ብርጭቆ ቦግ አለ። ጭብጨባ ሆነ። አንዲት ልጅ ግን «አረንጓዴ አላሉም እንዴ? ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው» አለች። ምንም ያልተጨመረበትን ንጹሕ ውሃ አየነው፤ እሱም ያበራል። ለካ ብርጭቆዎቹ በኦሞ ታጥበው በደንብ አልተለቀለቁም። (የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን፣ እኛ ኦሞ ነው የምንለው።) ልብስ የሚያነጣ እንዲመስል የሚጨመረው ነገር ራሱ ሰማያዊ ያበራል።

ስለዚህ ሁሌም ሁለት ባዶ ይኑር። አንዱ የተጣራ ውሃ ከነጠቋሚው፣ ሌላው የእናንተው ናሙና ያለ ጠቋሚ። ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። ከደሴ ወደ ሰሜን ያለውን የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ውሃ ብትወስዱ የበሰበሰ ቅጠልና አልጌ የሚለቁት ነገር በራሱ ትንሽ ያበራል። በዚያ ላይ ሐይቁ አልካላይን ነው። ሞሪን የሚሠራው ደግሞ ለስለስ ባለ አሲድ ውስጥ ነው። ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) በበፈር፣ ማለትም ፒኤች በሚያጸና ፈሳሽ፣ ሳታስተካክሉ ብትለኩ አሉሚኒየም ኖሮም ላይታያችሁ ይችላል።

ዜሮን «የለም» ብሎ ማንበብ

ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የቸገረው ተማሪ ሁሉ የቦርከና ወንዝና ክሮሚየም ይላል። አይፈረድበትም። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ያላት ከተማ ናት፤ ወንዙም ከዚያ ወርዶ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ዳይፌኒልካርባዛይድ የሚባለውን የክሮሚየም ጠቋሚ ይገዛል፣ ናሙናውን በአሲድ ያዘጋጃል፣ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም ይጠብቃል፣ በቀለም መለኪያ ማሽን በ540 ናኖሜትር ያነባል። ዜሮ። «ወንዙ ንጹሕ ነው» ብሎ ይጽፋል።

ክሮሚየም ግን ሁለት ዋና መልክ አለው፣ ሦስትና ስድስት የሚባሉ። ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ሦስት ነው። ይህ ጠቋሚ የሚያየው ክሮሚየም ስድስትን ብቻ ነው። ሦስቱ ፊቱ ቢቆምም አያውቀውም። ጠቅላላውን ማወቅ የፈለገ መጀመሪያ በፐርማንጋኔት ወደ ስድስት መለወጥ አለበት፣ ወይም አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለው የብረታ ብረት መለኪያ ማሽን ያለው ላብራቶሪ ይፈልግ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው 0.05 ሚሊግራም በሊትርም ጠቅላላውን ክሮሚየም ነው።

እዚያው ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ለብረታ ብረት ምርመራ የሚወሰድ ናሙና ሜዳ ላይ አሲድ ይደረግበታል ተብሎ ስለተማርን ሁሉም ላይ እናንጠባጥባለን። አሲድና የወንዝ ቆሻሻ አንድ ላይ ሲያድሩ ስድስቱን ወደ ሦስት ይቀይሩታል። ስድስቱን የሚፈልግ ሰው ናሙናውን አሲድ ሳይነካው በበረዶ ይዞ ይሩጥ፤ አሲዱን የሚጨምረው ጠቋሚውን ሊጨምር ሲል ነው።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። የጨርቅ ማቅለሚያ ያለበት ፍሳሽ ገና ሲቀዳ ቀይ ነው። ማሽኑ ቀዩ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። በክረምት ደግሞ ጭቃው አለ። ማጣራት፣ ከዚያ ያለ ጠቋሚ የተነበበውን መቀነስ።

ናሙናውን በተገኘ ሃይላንድ መያዝ

ትናንት ለስላሳ የነበረበት ጠርሙስ ውስጥ ዛሬ የምርመራ ውሃ አይገባም። አዲስ ፕላስቲክ፣ በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ፣ በቃ።

ክሎሪንን ጭኖ መሄድ

ክሎሪን መንገድ አይወድም። ፀሐይ ላይ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ይጠፋል። ኮምቦልቻ ቧንቧ ላይ የቀዳችሁትን ደሴ ወስዳችሁ ብትለኩ የምትለኩት የጉዟችሁን ርዝመት ነው። እዚያው ቧንቧው ስር ለኩ፤ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር መገኘት አለበት።

ዲፒዲ የሚባለው ክኒን ከክሎሪን ጋር ሮዝ ይሰጣል። ክሎሪኑ በጣም ሲበዛ ግን ሮዙን መልሶ ያነጣዋል። በረኪና የተደፋበት ታንከር ክሎሪን እንደሌለው ሊመስል ይችላል። ሮዝ ብልጭ ብሎ ከጠፋ፣ ወይም ውሃው በረኪና በረኪና እየሸተተ ቀለም ካልመጣ፣ ናሙናውን በተጣራ ውሃ አቅጥናችሁ ድገሙ።

ናይትሬትን በስሙ ብቻ ማንበብ

እንበል ከቆቦ የመስኖ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ መጣ። መመርመሪያ ኪቱ 15 ሚሊግራም በሊትር አለ። ወሰኑ 50 ነው፤ አብሽር፣ ሰላም ነው? ቆይ። አንዳንድ ኪት የሚጽፈው ናይትሬትን ሳይሆን በናይትሬቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ነው። በ4.43 ሲባዛ 66 ገደማ ይሆናል። ወሰኑን አልፏል።

የሽንት ስትሪፕን አቦል ላይ ነክሮ በረካ ላይ ማንበብ

ስትሪፑ ሽንት ውስጥ የሚነከር ቀጭን መመርመሪያ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው እያንዳንዱ ካሬ የራሱ ሰዓት አለው። አንዳንዱ በ30 ሰከንድ፣ ሌላው እስከ 2 ደቂቃ፤ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቀለም ዋጋ የለውም። ክዳኑን ከፍቶ መተውም ያው ነው፤ እርጥበት ይበላዋል።

ሽንቱ ራሱም አይጠብቅም። ጠዋት ተሰጥቶ ከሰዓት ከተነበበ ባክቴሪያው ስኳሩን ይበላዋል። ታካሚውን ደግሞ ጠይቁት። ቫይታሚን ሲ ክኒን የሚውጥ ሰው ሽንት ውስጥ ስኳርም ደምም ኖሮ ስትሪፑ «የለም» ሊል ይችላል። ይህን የሚጠይቅ ባለሙያ እስካሁን ብዙ አላየሁም፤ አንድ ጥያቄ ነው እኮ።

የተረፈውን መታጠቢያ ውስጥ መድፋት

የክሮሚየም ስታንዳርድ (ናሙናውን የምናነጻጽርበት፣ መጠኑ የታወቀ ፈሳሽ) የሚሠራው ከፖታሺየም ዳይክሮሜት ነው። ይህ ራሱ ክሮሚየም ስድስት ነው፣ መጠኑም ከማናቸውም የወንዝ ናሙናችን ይበልጣል። ለዚህ እኛ ጋ ክዳን ያላት ቢጫ ጄሪካን አለች፣ ስሟ በማርከር ተጽፎባታል። ቦርከና በደሴ አልፎ ነው ኮምቦልቻ የሚደርሰው። ባለፈው አንድ ተማሪ የተረፈውን ሊደፋ ሲል ያዝኩት። «ነገ ወርደህ የምትቀዳው እኮ ይሄንኑ ነው» አልኩት። ስቆ ወደ ጄሪካኗ ሄደ።