የጣናን ዳርቻ በምናባዊ ዓለም እንዴት መሥራት ይቻላል?

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ ባሕር ዳርን በሙሉ መሥራት ያምረዋል፤ ከዓባይ ድልድይ እስከ ቤዛዊት ኮረብታ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ ፔዳ። ምኞቱ አይከፋም፤ ግን በዚህ ስፋት የተጀመረ ሥራ መጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ ዘንባባ የተደረደረበት ባዶ ካርታ ነው። ይልቅ ከሐይቁ ዳር ሃምሳ ሜትር የማይሞላ ቦታ ይምረጡ፦ አንድ ዋርካ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች፣ የጀበና ቡና የሚሸጥበት ጥግ፣ ወደ ውኃው የሚወርድ ደረጃ። ይህች ቁራሽ በትክክል ከተሠራች የከተማው ሰው ስክሪኑን ሲያይ የት እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

እዚህ የምናየው አካሄድ ፎቶግራሜትሪ በሚባለው ዘዴ ላይ የተመሠረተ ነው። ፕሮግራሙ አንድን ነገር ከብዙ አቅጣጫ በሚያሳዩ ፎቶዎች ላይ የሚመሳሰሉ ነጥቦችን ይፈልጋል፤ ከእነርሱ ተነሥቶ እያንዳንዱ ፎቶ ከየት ቆሞ እንደተነሣ ያሰላል፤ ከዚያም ቅርጹን ባለ ሦስት ገጽታ አድርጎ ይገነባዋል። ደህና ካሜራ ያለው ስልክ፣ የአምስት ሜትር መለኪያ ሜትር፣ ደብተር እና የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ለመጀመር ይበቃሉ።

መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ማየት

በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን ቤት ይተዉት። ደብተር ይዘው ይቀመጡና ጠዋት፣ ቀትር ላይ እና ወደ ማታ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ጥላው በስንት ሰዓት ወዴት እንደሚዞር ይጻፉ። አግዳሚው ወንበር ፀሐይ ላይ ባዶውን ቆሞ ሰው ሁሉ በዋርካው ሥር ላይ ከተደረደረ፣ በጥንቃቄ መቀረጽ ያለበት ሥሩ ነው እንጂ ወንበሩ አይደለም። በሣሩ መሀል በእግር ብዛት የተላጨውን አቋራጭ፣ በግንቡ ጠርዝ ላይ በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰውን ቦታ፣ ጀበናው ሲደፋበት የጠቆረውን መሬት ይመዝግቡ። አንድን የሕዝብ ቦታ እውነተኛ የሚያስመስለው ሰው የተጠቀመበት ምልክት ነው። ብዙ ባለሙያዎች ግንቡን አሳምረው፣ ቀለሙን አስተካክለው፣ ይህን ምልክት ግን እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ያጸዱታል። ውጤቱ ገና ያልተመረቀ መናፈሻ ይመስላል።

በዚሁ ቀን የፈቃዱን ነገር ይጨርሱ። ከከተማው አስተዳደር የተጻፈ ደብዳቤ በእጅ መኖሩ፣ አንድን ደረጃ መቶ ጊዜ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ለምን እንደሚያነሣ ሲጠየቅ ነገሩን ያሳጥራል። ድልድይ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የጥበቃ ሠራተኞች ፎቶው ውስጥ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሣት የሚታሰብ አይደለም፤ ለሃምሳ ሜትር ቦታም አያስፈልግም። ቡና የምትሸጠውን ሴት "እህቴ፣ ይህን ጥግ ለኮምፒውተር ሥራ ፎቶ ላነሣው ነው፤ ትፈቅጂልኛለሽ?" ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከወረቀቱ እኩል ያስፈልጋል። ረከቦቷና በርጩማዎቿ የእርሷ ንብረት ናቸው። በዚያ ላይ ውኃው በየወሩ እስከየት እንደሚደርስ የምትነግርዎ እርሷ ናት።

መለካት

ፎቶግራሜትሪ ቅርጽን እንጂ ልክን አያውቅም። ያልተለካ ሞዴል አንድ ሜትር ይሁን አሥር ሜትር ፕሮግራሙ ሊለይ አይችልም፤ የስልክ ጂፒኤስም በጥቂት ሜትሮች ስለሚስት ለዚህ አይረዳም። ስለዚህ መሬት ላይ በትክክል 2 ሜትር የተራራቁ ሁለት ምልክቶች ያስቀምጡና ፎቶው ውስጥ እንዲታዩ ያድርጉ። ጥቁርና ነጭ አራት ማዕዘኖች የታተሙበት ወረቀት በካርቶን ላይ ተለጥፎ ጥሩ ምልክት ይሆናል። ከዚህ ሌላ የደረጃውን ከፍታ፣ የወንበሩን መቀመጫ፣ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ እና የዋርካውን ግንድ ዙሪያ በሜትር ለክተው ይጻፉ። በኋላ ሞዴሉን የሚፈትሹት በእነዚህ ነው።

ፎቶ ማንሣት

ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚወዱት ወርቃማ የማታ ብርሃን እዚህ ጠላት ነው። በፎቶው ላይ የተያዘ ጥላ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በኋላ በምናባዊው ዓለም ፀሐይን ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢያዞሩም ያ ጥላ ንቅንቅ አይልም። ደመና የሸፈነው ቀን የተሻለ ነው። በክረምት ዝናቡ ካባራ በኋላ ያሉት ሰዓታት መልካም ናቸው፤ ነገር ግን እርጥብ ድንጋይ ስለሚያብለጨልጭና ቀለሙ ስለሚጠቁር እስኪደርቅ ይጠብቁ። በበጋ ደመና ካልተገኘ ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ባለችው አጭር ጊዜ ይጠቀሙ፤ ሰውም ያኔ ጥቂት ነው።

የስልኩን የብርሃን መጠን፣ ፎከስ እና የቀለም ሚዛን ከፎቶ ፎቶ እንዳይለዋወጡ ይቆልፏቸው፤ ፎቶ የሚያሳምሩ ራስ ሠር አማራጮችን ሁሉ ያጥፉ፤ ዙም አይንኩ፤ በጣም ሰፊ የሚያነሣውን ሌንስም አይጠቀሙ። ከዚያ ይራመዱ። አንድ ቦታ ቆሞ ካሜራውን ማዞር ለፕሮግራሙ ምንም አይነግረውም፤ ጥልቀት የሚሰላው ካሜራው ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ መደራረብ አለበት። አንድን ወንበር በሦስት ከፍታ፣ ማለትም በጉልበት፣ በደረት እና ከራስ በላይ፣ ዙሪያውን መዞር ይበቃል። በመጀመሪያና በመጨረሻ አንድ ግራጫ የቀለም ካርድ ያንሡ፤ ካልተገኘም ነጭ ወረቀት፤ ቀለሙን የሚያስተካክሉት በእርሱ ነው።

በመሀል የሚያልፍ ሰው ብዙ አይጎዳም፤ ቦታ ስለሚቀይር ፕሮግራሙ ራሱ ይጥለዋል። ተቀምጦ የቆየ ሰው ግን ቅርጹ ተጨማድዶ ይቀራል። ፊትና የባጃጅ ሰሌዳ ቁጥር በቴክስቸሩ፣ ማለትም ሞዴሉን በሚያለብሰው ምስል ላይ ከታየ ሳያደበዝዙ ለማንም አያሳዩ።

ኮምፒውተሩ ላይ

ፎቶዎቹን ወደ ሞዴል የሚቀይረው ሜሽሩም (Meshroom) የተባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ሙሉ ሥራውን ለመጨረስ ግን ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ የግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ራም ከ16 ጊጋባይት ባያንስ ይመረጣል። ፎቶዎቹን አስገብተው ሥራውን ያስጀምሩና ይተኙ። ሌሊት መብራት ቢጠፋ ሁሉም ነገር ከንቱ አይሆንም፤ ፕሮግራሙ የጨረሰውን እያንዳንዱን ደረጃ ስለሚያስቀምጥ ከተቋረጠበት ደረጃ ይቀጥላል።

የሚወጣው ሞዴል ገጹ የተገነባባቸው ሚሊዮን ሦስት ማዕዘኖች ያሉት፣ እዚህም እዚያም አየር ላይ የተንጠለጠለ ቁርጥራጭ የሞላበት ነው። ብሌንደር በተባለው የባለ ሦስት ገጽታ ሥራ ፕሮግራም ይክፈቱት፤ ትርፉን ይቁረጡ፤ የ2 ሜትሩን ምልክት ተጠቅመው ልኩን ያስተካክሉ፤ ከዚያ የሦስት ማዕዘኖቹን ቁጥር ቀንሰው ዝርዝሩን ኖርማል ማፕ በሚባለው፣ ጥቃቅን ጎድጓዳና እብጠትን በብርሃን አስመስሎ በሚያሳይ ምስል ላይ ያትሙት። ምናባዊው ዓለም የሚገጣጠምበት የጌም መሥሪያ ፕሮግራም፣ አንሪል ኢንጂን 5፣ ከባድ ሞዴልን ሳይቀንሱም ይሸከማል፤ በስልክ ወይም በራስ ላይ በሚደረግ መነጽር የሚታይ ሥራ ከሆነ ግን መቀነሱ ግዴታ ነው። አንድ ነገር ያስታውሱ፦ የብሌንደር መለኪያ ሜትር ነው፣ የአንሪል ሴንቲ ሜትር። ወንበሩ ጉንዳን የሚያክለው በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃው፣ ዋርካው፣ ዘንባባው

ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ፎቶግራሜትሪ ለድንጋይና ለግንብ እንጂ ለሐይቅ አልተሠራም። ውኃ ይንቀሳቀሳል፣ ያንጸባርቃል፤ በሁለት ፎቶዎች ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ አይገኝበትም። ስለዚህ ሞዴሉ ላይ ውኃው የነበረበት ቦታ የተቦጫጨቀ ሆኖ ይወጣል፤ ሙሉ በሙሉ ቆርጠው ይጣሉት። በምትኩ ጠፍጣፋ ገጽ ዘርግተው የውኃ ጠባይ ይስጡት። ብርሃን የሚሰበርበትን መጠን 1.33 ብለው ካስገቡ የቀረውን ፕሮግራሙ ያሰላል፤ ከላይ ቀጥ ብለው ሲያዩት ከሚያርፍበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመልሳል፣ አሻግረው ሲያዩት ግን ሰማዩን ሁሉ ይዞ ይታያል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ሰማያዊና ጠርቶ የሚታይ ውኃ የሌላ አገር ነው። ጣና ጥልቀቱ በሚበዛበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ እና መገጭ በክረምት ደለል ያስገቡበታል፤ ነፋሱም ያማስለዋል። ከዳር ሆነው የሚያዩት ወደ ቡናማ ያደላ ውኃ ነው፤ ጠለቅ ያለው ድንጋይ አይታይም። ማዕበሉም በቀኑ ይወሰናል። ጠዋት ውኃው ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍሰው ነፋስ ያነሣሣዋል። የውኃው ከፍታ በክረምቱ ማብቂያ፣ በመስከረም አካባቢ ይሞላል፤ እስከ ግንቦትና ሰኔ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ገጹን የሚዘረጉበት ከፍታ ፎቶ ካነሡበት ወር ጋር መስማማት አለበት። ግንቡ ላይ ውኃው ትቶት የሄደውን መስመር ካገኙት አይሰርዙት። የዜና ምስል አይተው እምቦጭም አይበትኑ፤ አረሙ በዋናነት የተስፋፋው በሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። እርስዎ በመረጡት ቦታ ያለው ደንገል ከሆነ ደንገል ያስገቡ።

የዋርካ ግንድና ሥር በፎቶግራሜትሪ እጅግ ያምራል፤ ልጡ ዝርዝር የበዛበት ስለሆነ ፕሮግራሙ ነጥብ አያጣም። ቅጠሉ ግን ነፋስ ስለሚያወዛውዘው አረንጓዴ ጭቃ ሆኖ ይወጣል። ግንዱን ብቻ ወስደው ቅርንጫፉን በብሌንደር ይሥሩ፤ የወደቁ ቅጠሎችን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው ከላይ ፎቶ ያንሡና በቀጫጭን ገጾች ላይ ይለጥፏቸው። ለዘንባባውም አንድ ዝንጣፊ በጥሩ ሁኔታ ከተሠራ እያዞሩና እያሳጠሩ መደጋገም ይቻላል። ከግንዱ አናት በታች ደርቆ የተንጠለጠለውን ቡናማ ዝንጣፊ መርሳት የተለመደ ነው፤ ያለ እርሱ ዘንባባው የሆቴል ማስታወቂያ ይመስላል።

በፈረንጆች 2023 ይፋ የሆነው፣ ቦታውን በሦስት ማዕዘን ፋንታ በብዙ ደብዛዛ ባለ ቀለም ነጠብጣቦች የሚያሳየው ጋውሺያን ስፕላቲንግ የተባለው ዘዴ ቅጠልን ከፎቶግራሜትሪ በተሻለ ይይዛል። ለማየት ብቻ ከሆነ ይሞክሩት። ብርሃኑን መቀየርና በላዩ መራመድ ግን ተጨማሪ ሥራ ስለሚጠይቅ፣ ለዚህ ዓይነት ሥራ የድሮውን መንገድ እመርጣለሁ።

ፀሐይና ድምፅ

በአንሪል የፀሐይ ማስተካከያ ላይ ኬክሮስ 11.6፣ ኬንትሮስ 37.4፣ የሰዓት ክልል 3 ብለው ያስገቡ። ሰዓቱ የሚገባው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት እዚያ 9 ነው። ከዚህ በኋላ ማንም የማይገምተው ነገር ይታያል፦ ፀሐይ መሀል ሰማይ ላይ የምትደርሰው በስድስት ሰዓት ሳይሆን በስድስት ተኩል ገደማ ነው፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ቀትር ላይ በስተ ሰሜን ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከተማዋ በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ናት፤ ስለዚህ ለውበት ተብሎ ፀሐይ ከሐይቁ መሀል እንድትወጣ ማድረግ የአገሩን ሰው አያታልለውም። የምትወጣው በዓባይ በኩል ነው። በአድማሱ ላይ ዘጌ ከቦታዎ የሚታይ ከሆነ በሩቅ የተነሣ ፎቶውን ከጀርባ ማቆም ይበቃል።

ድምፁን በተለያየ ሰዓት በስልክ ይቅዱ፤ ማይክሮፎኑን በስፖንጅ ይሸፍኑ፣ ነፋሱ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋልና። ንጋት ላይ ከድምፅ ማጉያ የሚመጣው ቅዳሴ፣ ከመንገዱ የባጃጅ ሞተር፣ ውኃው ግንቡን ሲመታ፣ የሲኒ ኳኳታ፤ እነዚህን ለየብቻ ቀድተው እያንዳንዱን በየምንጩ ቦታ ያስቀምጡት። ሁሉንም በአንድ ፋይል ደባልቆ ማሰማት ቦታውን ያደነዝዘዋል።

መፈተሽ

የእይታውን ከፍታ 1.60 ሜትር አካባቢ ያድርጉና ቦታውን የሚያውቅ ሰው ይጋብዙ። ምን እንደሆነ አይንገሩት፤ ዝም ብሎ ይራመድ። ከዋርካው እስከ ደረጃው በእውነቱ የሚፈጀው ጊዜና በስክሪኑ ላይ የሚፈጀው ካልተቀራረቡ ልኩ ወይም የእርምጃው ፍጥነት ተሳስቷል። ቆሞ አንድ ነገር የሚፈልግ ከመሰለ ምን እንደጎደለው ይጠይቁት። መልሱ "እዚህ ጋ በርጩማ ነበር" ወይም "ይህ ግንብ ተሰንጥቋል" የሚል ይሆናል፤ ስለ ሦስት ማዕዘን ብዛት የሚጠይቅዎ አይኖርም።

ሞዴሉ ካለቀ በኋላ ዋናዎቹን ፎቶዎች አይሰርዙ። ዳርቻው ይታደሳል፣ ግንቡ ይፈርሳል፣ ዛፉ ይቆረጣል፤ ነገ የተሻለ ፕሮግራም ሲመጣም ከእነዚያው ፎቶዎች እንደገና መሥራት ይቻላል። ካሜራው ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሚመዘግብ፣ በአቃፊው ውስጥ በሚያስቀምጡት አጭር ጽሑፍ ላይ የኢትዮጵያን ቀን፣ የዕለቱን የውኃ ከፍታና የለኳቸውን ልኮች ጨምረው ይጻፉ። ሁለት ቅጂ ያድርጉ፤ ሁለተኛው ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ።