ባሕር ዳር ለመድረስ አትቸኩሉ

ጎጃም ደርሼ መጣሁ የሚለውን ሰው ምን አየህ ብትሉት አብዛኛውን ጊዜ ያየው ባሕር ዳርን ብቻ ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ በላ፣ ጀልባ ላይ ፎቶ ተነሣ፣ ተመለሰ። አልፈርድበትም፣ ባሕር ዳር ታምራለች። ግን አውቶቡስ ውስጥ እያንቀላፋ ያለፋቸው ትንንሽ ከተሞች ናቸው ለእኔ ጎጃም።

መጀመሪያ ግን ዋናው ነገር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አካባቢው ሰላም አጥቶ ቆይቷል፣ መንገድም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው የሚኖር ሰው ላይ ደውሉ። ዘመድ ከሌላችሁ መናኸሪያ ሄዳችሁ ትናንት ያንን መንገድ የነዳ ሹፌር ጠይቁ። «ዛሬስ ይቅርባችሁ» ካለ ይቅር።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን የሚያህል የለም፤ ዝናቡ አባርቶ፣ አደይ አበባው ወጥቶ፣ ጤፉ ገና ሳይታጨድ። ሁለተኛው ምርጫ ጥር ነው፣ ምክንያቱን እንጅባራ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ከአዲስ አበባ በመኪና ስትመጡ ጎሐ ጽዮን ላይ ሸለቆው አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ቁልቁል ወርዳችሁ፣ አባይን በድልድዩ ተሻግራችሁ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ትወጡና ደጀን ናችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ሻይ ጠጥቶ ያልፋል። እናንተ ከዋናው መንገድ ትንሽ ወጣ ብላችሁ ከአፋፉ ላይ የመጣችሁበትን ተመልከቱ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይበልጥ ያምራል።

ደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፣ እዚህ ጋ መወሰን አለባችሁ። በግራ ያለው በደብረ ማርቆስ በኩል የሚሄደው ዋናው አስፋልት ነው። በቀኝ ያለው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ቀኙ ያንገላታል፣ አልዋሻችሁም፤ ነገር ግን የድሮውን ጎጃም ለሚፈልግ ሰው እሱ ነው። በዚያ በኩል ዲማ ጊዮርጊስ አለ፣ ከቅኔ ጋር ስሙ የሚነሣው። ከጉንደ ወይን ገንጠል ስትሉ ደግሞ መርጡለ ማርያም አለች። ንግሥት እሌኒ ከ500 ዓመት በፊት ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ እዚያው ቆሟል። ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን ሐረግና አበባ ቀርባችሁ ካላያችሁት በስተቀር የሰው እጅ ሥራ ነው ብላችሁ አታምኑም። ችኮላ ካላችሁ ግን በዚህ በኩል አትምጡ።

በግራ ለሄደ ደብረ ማርቆስ የመጀመሪያው ማደሪያ ትሁን። የድሮ ስሟ መንቆረር ነው፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ነበረች። ከተማዋን በግማሽ ቀን ትጨርሷታላችሁ፤ ዋናው ነገር ከሷ ተነሥታችሁ የምትወጡት ጮቄ ተራራ ነው። ከፍታው ከ4000 ሜትር በላይ ስለሆነ በሸሚዝ የሄደ ጓደኛዬ የደረሰበትን እኔ ነኝ የማውቀው። ጋቢ ያዙ። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ሲታይ መጀመሪያ ያስደነግጣል።

ከዚያ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ። ምሳ እየበላችሁ እለፏቸው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይ ጾም ከገባ፣ ሥጋ አትጠይቁ፣ ሽሮአቸው ይበቃችኋል።

እንጅባራ ላይ ግን ሁለት ሌሊት ካላደራችሁ ተሳስታችኋል። ከፍታው ከ2500 ሜትር በላይ ነው፣ ማታ ማታ ይበርዳል፣ ዙሪያው ቀርከሃ ነው፤ ወንበሩም አጥሩም ቅርጫቱም ከሱ ይሠራል። ገበያ ውስጥ አገውኛ ትሰማላችሁ። ዘንገና ሐይቅ ዋናው መንገድ ጥግ ስለሆነ ለባጃጅ ከፍላችሁ ትደርሳላችሁ። በዛፍ የተከበበ፣ ክብ፣ ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ሙዚቃ ከፍታችሁ አትረብሹት እባካችሁ። ጥር ያልኩት ለዚህ ነው፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓላቸውን እዚህ ያከብራሉ፣ ፈረሱ በጌጥ ተሸልሞ ሜዳውን ሲሞላው ማየት ነው። ለዚያ ቀን አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ አለዚያ ሜዳ ላይ ማደር ነው።

ከእንጅባራ አካባቢ፣ በቲሊሊ በኩል፣ ወደ ሰከላ ይኬዳል። ግሽ አባይ እዚያ ነው፣ ያ ሁሉ ወንዝ የሚጀምርባት ምንጭ። ትንሽ ናት፣ ትልቅ ነገር የጠበቀ ሰው ያዝናል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ደርሶባት ነበር፤ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1618 ቀድሞታል። እኔ ስሄድ ግጥም አድርጌ ቁርስ በልቼ ነበር። አንድ አባት «ቁርስ በልተሃል ልጄ?» አሉኝ። «አዎ አባ»። «እንግዲያው ለጸበሉ ነገ ና»። ያደርኩት ለዚህ ነው። ባዶ ሆዳችሁን በጠዋት ሂዱ፣ ጫማ አውልቁ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ባሕር ዳር ስትደርሱ እንኳ አልጋ ይዛችሁ ውጡ። ጢስ አባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴውን በበጋ አይታችሁ «ይቺ ናት እንዴ?» እንዳትሉ፣ ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ሂዱ። በመንገዳችሁ ላይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ በእግር ትሻገራላችሁ።

ጣና ሐይቅ ላይ ያለችውን ዘጌን የመጨረሻ አድርጓት። ጀልባው አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከአዝዋ ማርያም እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ሂዱ፣ ጦጣዎቹ ከላይ ያጅቧችኋል። ሴቶች ኡራ መግባት ይችላሉ፤ ክብራን ገብርኤልን የመሰሉ ወንድ ብቻ የሚገባባቸው ደሴቶች ስላሉ ግን ከጀልባው ባለቤት ጋር ሳትነሡ ተነጋገሩ፣ የመመለሻውንም ሰዓት ጭምር። ጥሬ ብርም ያዙ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር አይሠራም፣ የዘጌን ቡና ሳይገዙ መመለስ ደግሞ ይቆጫል።