የኩባን ባታ ስናዳምጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ከኩባ የመጣ ከበሮ ሁሉ አንድ ይመስለናል። ሳልሳ ላይ የምናየው፣ እንደ በርሜል ቆሞ በአናቱ ብቻ የሚመታው ኮንጋ ነው፤ ሥሩ ከኮንጎ ሕዝቦች ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩኔስኮ የመዘገበው ሩምባም የሰፈርና የግቢ ጨዋታ ነው። ባታ ሌላ ነው። በተለይ በዛሬዋ ናይጄሪያ አካባቢ የነበረው የዮሩባዎች የኦዮ መንግሥት በፈረሰበት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባርነት ወደ ኩባ የተጋዙ ዮሩባዎች ኦሪቻ ለሚሏቸው መለኮታት የሚመቱት የአምልኮ ከበሮ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የጆሮ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባታ ሦስት ሆኖ ነው የሚመታው፤ ኢያ፣ ኢቶቴሌና ኦኮንኮሎ። ኢያ ማለት እናት ነው፤ ትልቋም እሷ ናት። ሦስቱም እንደ እኛ ከበሮ ሁለት ፊት አላቸው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። መቺው ቁጭ ብሎ፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ ሁለቱንም ይመታል። ስድስት ቆዳ፣ ስድስት እጅ። ጆሯችን ቶሎ የሚይዘው የትንሹን የኦኮንኮሎን ምት ነው፤ ቀጭን ነው፣ ብዙም አይለዋወጥም። እሱን ይዘን "ይደጋገማል፣ ይሰለቻል" እንላለን። ወሬው ያለው ግን ወፍራሙ ድምፅ ጋ ነው። ኢያ ድንገት ትጠራለች። ዳርና ዳሯ ላይ የታሰሩት ቃጭሎች ይንሿሿሉ። ኢቶቴሌ ተቀብሎ ይመልሳል። ጥሪዋ ሲቀየር ሁሉም ተከትለው ይታጠፋሉ። በዮሩባ ቋንቋ የቃል ትርጉም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ይለያል፤ ከበሮውም ያንን ተከትሎ ይናገራል። ስለዚህ መጀመሪያ ኢያን ብቻ ተከተሉ። እንደገና ስትሰሙ መላሹን ጨምሩ።

ከሁሉ የሚከብደው ስህተት የተቀደሰውን ካልተቀደሰው መደባለቅ ነው። በተቀደሰው ባታ ውስጥ አኛ የሚሉት መለኮት እንደሚያድር ያምናሉ። ከበሮው መሥዋዕት ይቀርብለታል፤ ቃል ኪዳን ከገቡት መቺዎች በቀር የሚነካው የለም፤ በልማዱም ወንዶች ብቻ ናቸው። ለትምህርትና ለመድረክ የሚውለው አቤሪኩላ ይባላል፤ እሱን ሴቶችም ይመታሉ። የኩባው ምሁር ፈርናንዶ ኦርቲስ እ.ኤ.አ. በ1936 ሃቫና ውስጥ ባታን ለመጀመሪያ ጊዜ አደባባይ ሲያወጣ የተመቱት ያልተቀደሱት ነበሩ። ሥርዓት ላይ እንግዳ ከሆናችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ስልክ ከማውጣታችሁ በፊትም ጠይቁ።

መዝሙሩ እስኪጀመር ብሎ መግቢያውን መዝለልም አለ። እባካችሁ አትዝለሉት። ሥርዓቱ የሚከፈተው ኦሩ ሴኮ በሚባለው፣ ዜማ በሌለበት የከበሮ ሰላምታ ነው። መቺዎቹ ወደ መሠዊያው ዞረው፣ መንገድ ከፋች ከሚባለው ከኤሌጓ ጀምረው ኦሪቻዎቹን በየተራ ያወድሳሉ። ዝማሬውና ጭፈራው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዳንዱ "ጥንቆላ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው የቅዱሳን ሥዕል ሲያይ የካቶሊክ በዓል ይመስለዋል። ባሪያ አሳዳሪዎች በሚከለክሉበት ዘመን ኦሪቻዎቹ ከቅዱሳን ስም ጀርባ ተጠልለው ነው የቆዩት። ዲሴምበር 4 ቀን በቅድስት ባርባራ ሥዕል ፊት ባታ ሲመታ ብትሰሙ፣ እየተጠራ ያለው የመብረቅ ጌታው ቻንጎ ነው።